ቴስላ አልሠራውም፣ ፏፏቴው ላይም አይደለም፦ የናያግራው አሮጌ የኃይል ማመንጫ ታሪክ

ህዳሴ ግድብ ከተጀመረ ወዲህ ስለ ተርባይንና ስለ ሜጋዋት የማያወራ ሰው ጠፍቷል። ሻይ ቤት ግቡ፣ ታክሲ ተሳፈሩ፣ ሁሉም ኢንጂነር ነው። ደስ ይላል። በዚህ ጨዋታ መሀል ደግሞ ናያግራ ሳይነሳ አይቀርም። "ቴስላ ፏፏቴው ላይ የዓለምን የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሠራ" ይባላል። (መኪናው አይደለም፣ የፈጠራ ሰው የነበረው ኒኮላ ቴስላ ነው።) ታሪኩ አጭር ነው፣ ለማውራትም ይመቻል። ችግሩ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። ፏፏቴው ላይም አልነበረም። ቴስላም አልሠራውም።

እውነተኛው ታሪክ ይበልጥ ይገርማል። ሰዎቹ አለቱን መፈልፈል ሲጀምሩ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ኃይል በምን እንደሚልኩት ገና አልወሰኑም ነበር። በኤሌክትሪክ? በታመቀ አየር? በገመድ? አይታወቅም። መጀመሪያ ተቆፈረ፣ ከዚያ ታሰበበት። የጣቢያው ቅርፅ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚገባንም ይህን ስናውቅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛውን ጣቢያ ነው የምናወራው?

አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያግራ ፎልስ የምትባለው ከተማ ውስጥ የነበረውን። አዳምስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከገነባው ኩባንያ መሪ ከባለባንኩ ኤድዋርድ ዲን አዳምስ ነው። ሥራ የጀመረው በ1895 ነው።

ከእሱ በፊት በውሃ ኤሌክትሪክ ያመነጩ ነበሩ። ዊስኮንሲን ውስጥ አፕልተን የምትባል ከተማ በ1882 ትንሽ ጣቢያ ነበራት። እዚያው ናያግራም ቢሆን በዚያው ሰሞን በትንሽ ጄነሬተር ጥቂት መብራት ይበራ ነበር። በ1891 ደግሞ ጀርመኖች ከላውፈን ከተማ እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ድረስ ኤሌክትሪክ ልከው አሳይተዋል። ናያግራን ልዩ ያደረገው መጠኑ ነው። እያንዳንዱ ማሽን 5,000 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ በዛሬው ስሌት 3.7 ሜጋዋት ገደማ። ዛሬ ይህ ምንም አይደለም፤ ከህዳሴ ተርባይኖች አንዷ በአማካይ ወደ 400 ሜጋዋት ታመነጫለች። ግን አዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ያለው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ በሙሉ 6.6 ሜጋዋት መሆኑን ስታስቡ፣ በዚያ ዘመን ሁለት ማሽን ብቻ ከዚያ ማለፉ ቀላል አይደለም።

ፏፏቴው እያለ ለምን ከመሬት በታች ገቡ?

ፏፏቴው ዳር ቀድሞ ወፍጮና ፋብሪካ ተደርድሮ ነበር። እያንዳንዱ ከወንዙ ውሃ ይጠልፋል፣ የራሱን መዘውር ያዞራል፣ ቆሻሻውን ገደሉ ላይ ይደፋል። ሊጎበኝ የመጣው ሰው ከፏፏቴው ይልቅ የፋብሪካ ጀርባ ያይ ነበር ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ተማረረ፣ ጋዜጦች ጮኹ፣ በመጨረሻም የኒውዮርክ ግዛት በ1885 አካባቢውን ፓርክ አድርጎ ፋብሪካዎቹን አስነሳ።

ታዲያ የውሃውን ጉልበት የፈለገ ምን ያድርግ? በ1886 ቶማስ ኤቨርሼድ የሚባል የቦይ መሐንዲስ መላ አመጣ። ከፏፏቴው በላይ፣ ከፓርኩ ውጭ ውሃ እንጥለፍ። በጥልቅ ጉድጓድ ቁልቁል እንልቀቀው። መዘውሩን ካዞረ በኋላ በከተማዋ ሥር በተቆፈረ ዋሻ አሳልፈን ከፏፏቴው በታች ወንዙ ውስጥ እንመልሰው። ፓርኩ አይነካ፣ ጎብኚው ምንም አያይ።

ልብ በሉ፣ ኤቨርሼድ ኤሌክትሪክ አላሰበም። በእሱ ፕላን 238 የመዘውር ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፣ ፋብሪካዎቹ እላያቸው ላይ ይሠራሉ፣ እያንዳንዱ ኃይሉን በቀጥታ በዘንግ ይወስዳል። የወፍጮ ሰፈር ነው፣ ግዙፍ ቢሆንም። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች (ጄ. ፒ. ሞርጋን ጭምር አለበት) ነገሩን አይተው ይህን ያህል ጉድጓድ ከመቆፈር ኃይሉን አንድ ቦታ አመንጭቶ ማከፋፈል ይሻላል አሉ። ዋሻውን ግን ወደዱት። ቁፋሮው በጥቅምት 1890 ተጀመረ።

ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

እንከተለው። ከፏፏቴው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ከወንዙ ዳር ሰፊ ቦይ ይገባል። ግድብ የለም። የናያግራ ወንዝ ከኢሪ ሐይቅ ስለሚመጣ ሐይቁ ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ክረምት ከበጋ ፍሰቱ ብዙ አይዋዥቅም። እኛ አገር ግድብ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው። ዓባይ በነሐሴና በመጋቢት አንድ ወንዝ አይመስልም፤ የነሐሴውን ለመጋቢት ማስቀመጥ የግድ ነው። ናያግራዎች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም።

ከቦዩ ዳር የማመንጫው ህንጻ ቆሟል። ከህንጻው ወለል ሥር ደግሞ ዋናው ሥራ አለ፤ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጠባብና ረጅም ጉድጓድ። ስፋቱ 6 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 54 ሜትር ነው። ወደ 18 ፎቅ የሚሆን ህንጻ ተገልብጦ መሬት ውስጥ የተቀበረ ያህል ነው። ውሃው ሰው ቆሞ በሚገባበት የብረት ቧንቧ ቁልቁል ይወረወራል፣ ከታች ተርባይኑን ይመታል፣ ከዚያ በዋሻው ይወጣል። ዋሻው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ቁመቱ 6.4 ሜትር፣ ዙሪያው በጡብ የተገነባ ነው።

ተርባይኑ ከታች፣ ጄነሬተሩ ከላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ድፍን ብረት ቢያደርጉት ክብደቱ አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ወፍራም የብረት ቱቦ አደረጉት፣ በየመሀሉ ተሸካሚ ባለበት ቦታ ብቻ ቀጥኖ ድፍን ይሆናል።

እኔ ከጣቢያው ሁሉ በጣም የምወደው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዘንግ፣ ከጫፉ ላይ ያለው የጄነሬተሩ ተሽከርካሪ ጭምር፣ በምን ላይ ያርፋል? ከታች ማረፊያ ቢደረግለት በደቂቃ 250 ጊዜ እየዞረ ማረፊያውን በልቶ ይጨርሰዋል። የጄኔቫዎቹ ነዳፊዎች፣ ፌሽ እና ፒካር የሚባሉት፣ ውሃው ተርባይኑን ከጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ እንዲገፋው አደረጉ። ግፊቱ ከክብደቱ ጋር እንዲመጣጠን ተሰላ። ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ሲዞር አብዛኛውን ክብደት የተሸከመው ውሃው ነው። የሚያዞረውም እሱ፣ የሚሸከመውም እሱ።

ኪሳራም ነበረው። ውሃው የሚጠቀሙበት 41 ሜትር ያህል ብቻ ወድቆ ነው። ከጠለፋው እስከ ፏፏቴው ግርጌ ያለው ቁልቁለት ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ግን ረጅሙ ዋሻ ራሱ ውሃውን ለማስኬድ ተዳፋት ይፈልጋልና ከፊሉ እዚያ ቀለጠ። ፓርኩን ላለመንካት የተከፈለ ዋጋ ነው በሉት።

ኤሌክትሪክ መሆኑ መቼ ተወሰነ?

ዘግይቶ። በ1890 ለንደን ውስጥ አንድ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ታላቁ የፊዚክስ ሰው። ለተሻለ ሐሳብ ሽልማት ተዘጋጀ። ከየአገሩ የመጣውን ሐሳብ ብታዩ ትስቃላችሁ፤ ኃይሉን በታመቀ አየር በቧንቧ እንላከው ያለ አለ፣ በተወጠረ ገመድ ያለ አለ፣ በውሃ ግፊት ያለም አለ። የኤሌክትሪክ ማሽን ፋብሪካ ባለቤቱ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ጭራሽ ሳይወዳደር ቀረ። ትልቁ ሽልማት 3,000 ዶላር ነበር፤ ሰዎቹ የ100,000 ዶላር ምክር በ3,000 ሊወስዱ ነው ብሎ። ነጋዴ ነዋ።

ኤሌክትሪክ ይሁን ከተባለ በኋላም ጭቅጭቁ አላበቃም። የዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፎካከር ነበር። ዲሲ የሚባለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነው፣ ከባትሪ እንደምናገኘው። ኤሲ ደግሞ በሰከንድ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ነው፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው። ኤዲሰን የዲሲ ሰው ነበር። ኬልቪንም እንዲሁ፤ በ1893 ኤሲ ተመርጦ ሊያልቅ ሲል ከባድ ስህተት እንዳትሠሩ የሚል ቴሌግራም ልኮ ነበር። አልሰሙትም። በግንቦት 1893 ኤሲ ተመረጠ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጄነሬተሮች የመሥራት ውል ለዌስቲንግሃውስ ተሰጠ። ቁፋሮው ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል!

ኤሲ ለምን አሸነፈ?

መልሱ አንድ ዕቃ ነው፤ ትራንስፎርመር። መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የምታዩት፣ ሲፈነዳ ሰፈሩ ሁሉ የሚጨልምበት እሱ።

100 ኩንታል ጤፍ ወደ ከተማ ልትልኩ ነው እንበል። በአህያ ከጫናችሁት መንገዱ በአህያ ይጨናነቃል፣ ይገፋፋል፣ በየመንገዱ ይደፋል። በአንድ አይሱዙ ከጫናችሁት ያው ጤፍ ሳይደፋ ይደርሳል። ሽቦ ላይ የሚሄደው የአህያው ብዛት ከረንት ነው፤ አንዱ አጓጓዥ የሚሸከመው መጠን ደግሞ ቮልቴጅ። ሽቦ የሚግለውና ኃይል የሚባክነው በከረንቱ ብዛት ነው፤ እሱም ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ እየሆነ። ስለዚህ ርቆ ለመላክ ቮልቴጁን ከፍ፣ ከረንቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ሲደርስ ግን አይሱዙ በየሰዉ በር አይገባምና እንደገና በአህያ ይጫናል። ይህን የማራገፍና የመጫን ሥራ የሚሠራው ትራንስፎርመር ነው፣ የሚሠራውም በኤሲ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ለዲሲ እንዲህ ያለ ቀላል መሣሪያ አልነበረም። በቃ፣ ክርክሩ ያለቀው በዚህ ነው።

ናያግራ ላይ ጄነሬተሩ የሚሰጠው 2,200 ቮልት ነበር። ወደ ቡፋሎ ከተማ፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ለመላክ ወደ 11,000 ተነሣ።

ህንጻውን ማን ነደፈው?

ፋብሪካ ህንጻ ብዙ ጊዜ ማንም አይነድፈውም፤ ግድግዳ ይቆማል፣ ቆርቆሮ ይመታል። እነዚህ ሰዎች ግን የኒውዮርክን ስመ ጥር አርክቴክት ስታንፎርድ ኋይትን ጠሩ። ማንሃተን ውስጥ ዋሽንግተን አደባባይ ላይ ያለውን ትልቅ ቅስት የነደፈው እሱ ነው። (በ1906 ራሱ በነደፈው ህንጻ ጣሪያ ላይ በጥይት ተገድሏል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።) ለሠራተኞቹም ኤቾታ የምትባል መንደር ነድፎላቸዋል።

ማመንጫው ከውጭ ሲታይ ረጅም የድንጋይ ህንጻ ነው። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ፣ ፊቱ ሳይለሰልስ ሻካራ ሆኖ የተተወ። መስኮቶቹ ትልልቅ፣ በሩ ደግሞ ግዙፍ ቅስት። ከቤተ መንግሥትና ከመጋዘን መሀል የሆነ ነገር ነው። በእኔ ዓይን ኋይት ጎበዝነቱን ያሳየው ባልጨመረው ነው። ውስጡ አንድ ወጥ አዳራሽ ነው፤ ክፍል የለው፣ ምሰሶ መሀል ላይ የለው። ጄነሬተሮቹ በጉድጓዱ ልክ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፣ በላያቸው ክሬን ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። አዳራሹ ረጅም የሆነው ጉድጓዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ከላይ ያለው ህንጻ ከታች ያለውን ቅርፅ ተከትሎ ነው የቆመው፤ ማሽን ሲጨመርም ጉድጓዱም ህንጻውም አብረው ረዘሙ።

ከቦዩ ማዶ ትንሹ የትራንስፎርመር ቤት ቆመ፣ በዚያው ሻካራ ድንጋይ። ሽቦዎቹ በድልድይ ተሻግረው ይደርሱታል። ያ ሁሉ ጤፍ አይሱዙ ላይ የሚጫነው እዚያ ነው።

ጄነሬተሮቹም ለዓይን ይገርሙ ነበር። የተለመደው ማሽን ውስጡ ይዞራል፣ ውጪው ይቆማል። በስኮትላንዳዊው ጆርጅ ፎርብስ ሐሳብ የተነደፉት እነዚህ ግን ውጪያቸው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የሚዞር፣ ውስጣቸው የሚቆም ነበሩ። የሚዞረው ቀለበት ከኒኬል ብረት፣ መገጣጠሚያ ሳይኖረው አንድ ወጥ ሆኖ የተቀጠቀጠ ነው። ለምን? ማግኔቶቹ በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ ሊስፈነጠሩ ሲሉ ቀለበቱ ከውጭ አቅፎ ይይዛቸዋል። ደግሞ ክብደቱ ከዳር ስለሆነ ፍጥነቱ ቶሎ አይዋዥቅም።

ታዲያ የቴስላ ድርሻ ምንድን ነው?

ትልቅ ነው፣ ግን ሌላ ነው። ቴስላ በ1888 የኤሲ ሞተሩንና በብዙ ፌዝ (ተራ በተራ በሚከታተሉ የኤሲ ሞገዶች) የሚሠራውን አሠራር በፓተንት አስመዘገበ፤ ፓተንቱን ዌስቲንግሃውስ ወሰደው። ኤሲ እስከዚያ ድረስ መብራት ያበራ ነበር እንጂ ጥሩ ሞተር አልነበረውም። ሞተር የሌለው ኤሌክትሪክ ደግሞ ፋብሪካ አያንቀሳቅስም። የናያግራ ጣቢያ በዚያ ሐሳብ ላይ ቆሟል። ጣቢያውን የነደፉትና የገነቡት ግን ሌሎች ናቸው፤ ፎርብስ፣ ቤንጃሚን ላም የሚባለውና ሌሎች የዌስቲንግሃውስ መሐንዲሶች፣ ተርባይኑን የጄኔቫ ሰዎች፣ ወደ ቡፋሎ የሄደውን መስመር ደግሞ ተቀናቃኙ ጄነራል ኤሌክትሪክ። ቴስላ ራሱ ጣቢያውን ሄዶ ያየው በ1896 ነው፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ። ዛሬ ፏፏቴው አጠገብ ጎት ደሴት ላይ ሐውልቱ ስላለ ሰው ሁሉ እሱ የሠራው ይመስለዋል።

ኃይሉን ማን ገዛው?

ሰው የሚጠብቀው "የከተማ መብራት" የሚል መልስ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ግን በነሐሴ 1895 ኃይል የተለቀቀለት የአሉሚኒየም ፋብሪካ ነው፣ ዛሬ አልኮዋ የምንለው ኩባንያ አባት። አሉሚኒየም ከማዕድኑ የሚለየው በብዙ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ውድ ሲሆን እሱም ውድ ነው። ቀጥሎ ካርቦረንደም መጣ፣ ብረት መሳያ ድንጋይ የሚሆነውን ጠንካራ ነገር በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያበስለው። ሌሎች የኬሚካል ፋብሪካዎችም ተከትለው ጎረፉ። ቡፋሎ ተራዋ የደረሰው በኅዳር 1896 እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ መጀመሪያ የተጠቀመበትም የጎዳና ባቡሯ ነው።

ስለዚህ "ኤሌክትሪክ ርቆ መሄዱ ዓለምን ለወጠ" የሚለው እውነት ቢሆንም ናያግራ ላይ መጀመሪያ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ፋብሪካው ወደ ኤሌክትሪኩ መጣ። ኤቨርሼድ ያሰበው የፋብሪካ ሰፈር ባላሰበው መንገድ ተፈጠረ።

ዛሬ ምን አለ?

የመጀመሪያው ህንጻ 10 ማሽን ሞልቶ 50,000 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፣ ሁለተኛ ህንጻ 11 ማሽን ይዞ ተጨመረ። ሁለቱም እስከ 1961 ሠሩ። በዚያ ዓመት ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች፣ ከፍ ያለ ቁልቁለት ያለበት ቦታ ላይ ግዙፉ የሮበርት ሞሰስ ጣቢያ ተከፈተና ያው ውሃ እዚያ ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚሰጥ አሮጌዎቹ ተዘጉ። የማመንጫ ህንጻዎቹ ፈረሱ። ያሳዝናል፣ ግን ስሌቱ ትክክል ነበር።

የተረፈችው ትንሿ የትራንስፎርመር ቤት ናት። በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። የትልቁ ህንጻ በር ቅስት ደግሞ ተነቅሎ ጎት ደሴት ላይ ተተክሏል፤ ብዙ ጎብኚ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ፎቶ ይነሳበታል። ዋሻው ሥራ አልፈታም፤ የከተማዋ ፍሳሽ ማጣሪያ የተጣራውን ውሃ በእሱ በኩል ወደ ወንዙ ይለቃል። በ2017 ከዚያ ጥቁር ውሃ ወጥቶ የጎብኚ ጀልባዎቹ አጠገብ ሲንሳፈፍ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር።

25 ሄርዝ የሚባለው ምንድን ነው?

ሄርዝ ኤሲ በሰከንድ ስንት ዙር እንደሚመላለስ የሚቆጠርበት ነው። ኢትዮጵያ 50፣ አሜሪካ 60 ትጠቀማለች። ናያግራ 25 ነበር። ፎርብስ ከዚያም ዝቅ ማድረግ ፈለገ፣ ዌስቲንግሃውስ ከፍ፣ ተርባይኑ ደግሞ በደቂቃ 250 ጊዜ እንዲዞር ተወስኗል። 12 የማግኔት ዋልታ ያለው ጄነሬተር በዚያ ፍጥነት ሲዞር የሚሰጠው 25 ነው፣ ተስማሙ። ለትልልቅ ሞተር ጥሩ ነው፣ ለአምፖል ግን ዓይን እስኪታወቀው ድረስ ያርገበግበዋል። ናያግራ ገበያውን ስለያዘ ያ ቁጥር በአካባቢው ደንብ ሆነ፤ ካናዳ ውስጥ የኦንታሪዮ ደቡብ ክፍል እስከ 1950ዎቹ ድረስ በ25 ሄርዝ ይኖር ነበር። የባቡር ኩባንያዎችም ወሰዱት፣ አንዴ ከተዘረጋ ደግሞ መቀየሩ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ያላችሁ ሰዎች በአምትራክ ወደ ፊላደልፊያ ወይም ወደ ኒውዮርክ ስትሄዱ ባቡሩን ከላይ ካለው ሽቦ የሚነዳው ኤሌክትሪክ እስከ አሁን 25 ሄርዝ ነው።